ሳይቃጠል

የዛሬ ዓመት መጋቢት፥ ከደባርቅ ማዶ፥
አጣናው ማር ሊቆርጥ ገደሉን በገመድ ወርዶ፥
ንብ ያጠነባት ችቦ ከእጁ ላይ ወጥታ
ጓሳውን ጋጠችው ሽቅብ ተዘርግታ።

ስድስት ቀን ሙሉ በቅጠል ገረፍናት፥
በጀሪካን ውሃ፥ በአፈር አነቅናት፤
ተኛች ስንል ደግሞ፥ ነፋሱ ሲነሣ፥
ከአስታው ሥር ብቅ አለች አዲስ ፍም ለብሳ።
ከጎንደር የመጣው ቦቴ መንገዱ አልቆበት
ደባርቅ ላይ ቆሞ ቀረ፥ ውሃው እንደ ሞላበት።

በሰባተኛው ቀን ዘነበ።
እኛ አይደለንም ያጠፋናት።

ከቀበሌው ደጃፍ ሸንጎ ተቀመጠ፥
ሁሉም አጣናው ላይ ዓይኑን አፈጠጠ።
“ካገር ይውጣ” አሉ። “ከብቱን ይክፈል” አሉ።
እንኮዬ ብርነሽ፥ ነጠላዋ የጠቆረ፥
ተነሣች፤ ድምጿ ከጭሱ ገና ሻክሮ ነበረ፤
“‘ሳይቃጠል በቅጠል’ ነው ተረቱ፤ እኛ መች ሰማነው?
አገር ከነደደ ነው ቅጠል ያነሣነው።
እሺ፥ አጣናው ይሂድ።
ምድጃችንስ የት ይሂድ?”

ዘንድሮ፥ ኅዳር ሲታጠን፥ ጤዛው ሳይረግፍ፥
ጥራጊ ብቻ አላቃጠልንም፤ ከጓሳውም ጫፍ
የአውድማ ስፋት ያህል፥ ከገደል እስከ ገደል፥
እሳቷን በገመድ እንደ ታሰረች ጊደር
በልክ አስጋጥናት።
ግራና ቀኝ ቆምን፥ ሴቱም ወንዱም፥
እርጥብ ቅጠል ይዘን።
ጭላዳዎቹ ካፋፉ ሆነው ታዘቡን።

ጣቱን በምራቅ አርሶ፥ ወደ ሰማይ ቀስሮ፥
“አሁን!” “ቆይ!” የሚለን
አጣናው ነው።
አንዳንዱ እስካሁን አያናግረውም።
እሳቷ ግን ትሰማዋለች፤
አብዛኛውን ጊዜ።