ፔዳሉ ይመስክር

ገንዘቡ በከረጢት፣ ከረጢቱ በደረቴ፤
የሠላሳ ሰባት ቤት ነው እንጂ የኔ አይደለም ጥሪቴ።
አንዱ ፈረስ ሸጦ፣ አንዷ ምንጣፍ ሰጥታ፣
የኤርኪን መበለት የመሐረቧን ቋጠሮ በጥርሷ ፈትታ።
(ኤርኪን፣ ባለፈው በረዶ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣
አምቡላንሱ ከማዶ፣ እሱ ከወዲህ፣ መንገዱ መሃል ሞቶ።)

"ያገለገለ ግሬደር ግዙ" ተባልን፤ ወረድን፣
እኔና ቡሩላይ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘን፤
ቢሽኬክ ዳር ስንደርስ ሰማዩ ገና አመድ።
"ማለዳ ነው" አለች፣ "ብረት የሚዋረድ፤
ሻጭ ቀድሞ ከተነሣ የሞተውም ይነሣል፣
ሳል ያለበት ሞተር ሲሞቅ ሳሉን ይረሳል።"

ሃያ ስምንት ዓመት ዶዘር ላይ ኖራለች፤
ባሏ ሲጣራ አትሰማም፣
ቡሎን ሲላላ ግን ከሌላ ሰፈር ትሰማለች።

ግቢው ጭቃ ነው። በጭቃው ላይ ተሰልፈው
ሮለሩ፣ ሎደሩ፣ ዶዘሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው፤
ባሕር ያሻገራቸው፣ አገር የጨረሳቸው፣
"ተጠንቀቅ" የሚለው ጽሑፍ እንኳ
ማንም በማያነበው ፊደል የቀረባቸው።

ዠኒሽ ነጋዴው መጣ፣ ጭቃ ባልነካው ጫማ።
"ይህን እዩት፤ ሙሽራ ነው፣ በሐሜት እንኳ የማይታማ፤
አራት ሺህ ሰዓት ብቻ! ቆጣሪው ያውና።"
ቡሩላይ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ ሆና።
ሙቅ ነው።
ገና አልነጋም፣ ሙቅ ነው።

ምንም አላለችም። ከመሪው ሥር ወረድ፤
የፔዳሉ ላስቲክ አልቆ፣ ብረቱ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ።
"ቆጣሪ በጣት ይዞራል" አለች፣ "ፔዳል ግን የእግር ነው፤
ስንት ዘመን እንደረገጡት የሚያውቀው እሱ ነው።
ጠበቃ አንፈልግም። ፔዳሉ ይመስክር።"
ቀለሙን በሳንቲም ፋቀችው፤ ከቢጫው ሥር የብየዳ ክር።
ዘይቱን በጣቷ ነክታ ወደ ብርሃን አነሣች፣
ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። "ወርቅ አገኘሁ" አለች፣
ሳትስቅ።

ከአጥሩ ጥግ አንድ ነበር፣ ማንም ያልዳበሰው፣
መስታወቱ ረግፎ ኮምፔንሳቶ የለበሰው፤
ምላጩ እስከ ድዱ ያለቀ፣ ስድስት ጎማው አራት ዓይነት፣
ቆጣሪው አሥራ ዘጠኝ ሺህ፤ አላፈረበት።
ከፀሐይ መከላከያው ሥር የፊንላንዱ ሹፌር በእርሳስ
የበረዶ ቀኖቹን በጭረት ቆጥሯል፣ አምስት አምስት እያሰረ፤
ከጎኑ የልጅ ተለጣፊ፣ ዳክዬ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ።
ብረቱ ቀዝቃዛ። ቁልፉን አዞረች፤ አሳለ፤ ተፋ፤
ጥቁር ጭስ። ሰማያዊ አይደለም፣ ጥቁር፤ ከዚያ ጠራ።
ዠኒሽ ሳቀ፤ "እሱማ ለቁርጥራጭ ብረት ነው፣ በተራ።"

እንደ ፈረስ ገበያ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ሳይለቁ፣
ስትቀንስ፣ ሲጨምር፣ በዋጋ ተናነቁ፤
ከከረጢቱ ለሁለት ጎማ ተረፈ።

ሁለት ቀን ነዳችው። አውቶቡስ አለፈን፤
ዳገቱ ላይ አህያም ሊያልፈን ምንም አልቀረው።

መንደሩ ወጥቶ ቆሟል።
"ለዚህ ዝገት ነው ፈረሴን?" አለ አንዱ፤ ሌላው ምራቁን ዋጥ።
የኤርኪን መበለት ግን ዙሪያውን ዞራ፣ በሩን በጉልበት ከፍታ፣
"ሌሊት ይነሣል?" አለች፣ ሌላውን ሁሉ ትታ።

ቡሩላይ ሞተሩን አጠፋች።
"ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኑ።"

መጣን፣ ሠላሳ ሰባቱም ቤት፣ ሕፃን ያዘሉ ጭምር።
ባትሪ አበራሁላት፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ ነው።
አሳለ።
ደግሞ አሳለ።
መበለቷ ዓይኗን ጨፈነች።
ከዚያ ጭሱ ሸተተን።