ሰው የማያሰጥም ውሃ

የዓርቡን የመጨረሻ ባቡር ቤርሳቤህ ቆሜ ስጠብቅ፣
ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት፣ የጫማዬ ሶል ሲጣበቅ፣
አንማውን አየሁት ከሩቅ።
ካፖርት ለብሷል!
የወንድሙን ካፖርት፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበቱ፣
«ውጭ አገር ብርድ ነው ልጄ» ብላ መክራው እናቱ።
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ቆሟል በላብ ርሶ፣
ባንድ እጁ ፓስፖርቱን፣ በሌላው ፌስታል ሙሉ በሶ።

«ቤትህ ቅርብ ነው?» አለኝ። በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ አልሁት።
ሱቅ መዘጋቱን ግን አልነገርሁት፤
ሰንበት ልትገባ ነው፣ እኔ ሳላስባት፤
እስከ ነገ ማታ አውቶቡስ የለም፤ ፍሪጄ ውስጥ ያለው ራት
አንድ ኪያር፣
ግማሽ እርጎ፣
ሰናፍጭ።
ሦስት ወር ሙሉ በስልክ «ና ብቻ፣ ግድ የለም» ያልሁት እኔ፣
እንግዳዬን በኪያር ልቀበል ነው፣ ወይኔ!

ክፍሌን ዞሮ አያት፤ አራት እርምጃ ወዲያ፣ ሦስት ወዲህ።
«በስልክ ሰፊ ነበረች» አላለም፤ አንማው አይናገርም እንዲህ።
ፌስታሉን ፈታና «ስኳር አለህ?» አለ።
ስኳርስ አለ።

በሶውን በጥብጠን ልንቀምስ ስንል በር ተንኳኳ፣
ደወል እያለ፣ በጣት፣ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።
ከታች ፎቅ ያሉት አባ ጀንበሬ ናቸው፣ ነጭ ለብሰው፣
የሰንበት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው።
«ካፖርት የለበሰ ሰው አየሁ በመስኮት፤
ይኼማ ያገር ልጅ ነው አልሁ፤ ሌላ ማን ይሞቃል በሙቀት!»
ከየት እንደሆነ ጠየቁት። «ከዳንግላ።»
«ወገራ ነኝ እኔ። እስከ ሱዳን በእግሬ፣ ያለ ጥላ።»
ሌላ አልጨመሩም። ግድግዳውን በመዳፍ እየነኩ
በጨለማ ወረዱ፣ የደረጃውን መብራት ሳይነኩ።

«አልጋው ያንተ ነው።» «ኧረ ያንተ ነው፤ እኔ ወለል ለምጃለሁ።»
«እንግዳ ነህ እኮ።» «አንተ ፈተና አለብህ፤ አውቃለሁ።»
እኩለ ሌሊት አለፈ። በመጨረሻ ወለሉ ዳኘን፤
ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ተኛን፤
አልጋው ለብቻው አደረ።

እሑድ ሙት ባሕር ሄድን።

አንማው ውሃ ይፈራል። ምክንያቱ እኔ ነኝ።
የዘጠኝ ዓመት ልጆች ሳለን፣ ግልገል ዓባይ ዳር፣
በቀልድ ገፋሁት። ቀልድ ነበር።
ልብስ የምታጥብ ሴት ነጠላዋን ጥላለት ጎተተችው፤
ያንን ሳሉን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ሴትዮዋን ግን ማን እንደሆነች አላወቅሁም፣ አልጠየቅናትም።
ሃያ ዓመት አላነሳነውም፤ እሱም፣ እኔም።
ስንደዋወል ስለ ጤፍ ዋጋ ነው፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናም።

ካፖርቱን አጥፎ ድንጋይ ላይ አኖረ፣ ጫማውን ደርቦ፣
እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ፣ ከዚያ እስከ ጉልበቱ፤
ቆመ። ዞሮ አየ።
ፊቴን አልነበረም ማየቱ፤
እጄን ነበር።
እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርሁ፣ እንደ ተማሪ።

ከዚያ ውሃው ራሱ አነሳው፤
እንደ ቅል አንሳፈፈው።
እግሮቹ አልታዘዝ አሉት፣ ጣቶቹ ብቅ አሉ ሽቅብ፤
ጢሙ ላይ ጨው፣ ሆዱ ላይ ፀሐይ፤
እና ሳቁ፣ ያ የድሮው የፍንጭቱ ሳቅ!
«አሁን ግፋኝ!» ይላል። «ወንድ ከሆንህ አሁን ግፋኝ!»
ጨው ዓይኔ ገባ፣ አልሁት።
ውሃው ውስጥ ገና አልገባሁም ነበር።

ረቡዕ ሄደ። ካፖርቱን ምስማሬ ላይ ሰቅሎ ትቶ።
«አባ ጀንበሬ ነገሩኝ፤ በረሃም ይበርዳል በጥር።»
ለወንድሙ ምን ብሎ እንደሚመልስ አልጠየቅሁትም፤
ባቡሩ በሩን ዘጋ።

እኔ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ዳቦ እገዛለሁ።
ሁለት።
ማን ያውቃል።