በሳህኑ ጠርዝ ላይ

ቅዳሜ ቅዳሜ ራንዲ ዳቦ ትጋግር ነበር፤
ሄል የገባበት፣ ዘቢብ የሞላው፣ ሽታው መንገደኛ የሚያስቀር።
ባሕሩ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ ቁጭ ትልና
ዘቢቡን በጥፍሯ ትለቅማለች፣ አንድ በአንድ፣ እንደገና፣ እንደገና፣
በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች እንደ ጥቁር ዶቃ፤
አንተ፣ ስኑሬ፣ ጅራትህ ወለሉን እየመታ ጠረጴዛ ሥር በጥበቃ።
ልሙጧን ቁራሽ ላንተ። ዘቢቡን በስተመጨረሻ፣
ዓይኗን ጨፍና ትጎርሰዋለች ባንዲት ጉርሻ።

«ስስታም!» እላት ነበር በሆዴ። «ጣፋጩን ለራሷ ታስቀራለች፣
ለዚህ ምስኪን ውሻ ልሙጡን ትሰጣለች።»
አልተናገርኩም። ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ዝም ብሎ መቅዘፍ ነው የለመድኩት።
ይህችን አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው ራንዲን የቀበርኩት።

ጥቅምት ነበር። እዚህ ሰሜን ፀሐይ ልትሰናበተን ስትዳዳ፣
አንተ ወንበሯን እያሸተትክ ስታላዝን ሌሊቱ ነጋ።
የሚያጽናና ቃል አላውቅም፤ ማጉረስ ግን አውቃለሁ፤
ከወደብ መደብር ሁለት ዳቦ ገዝቼ መጣሁ፤
ሄሉ የሳሳው፣ ዘቢቡ የበዛው።
«እንካ፣ እሷ የነፈገችህን ብላ ከነለዛው!»
ዋጥከው። እጄን ላስከው። እኔም ቸር ሰው መሰልኩ ለራሴ፤
ለአንድ ሌሊት ያህል ቀለለኝ ትንፋሼ፣ ቀለለኝ ነፍሴ።

ሲያስታውክህ አደረ። ጠዋት ውሃ እንኳ እምቢ አልክ፤
ወለል የሚጠርግ ጅራትህን ይዘህ እንደ እርጥብ ገመድ ወደቅክ።
በአሮጌ ሹራቤ ጠቅልዬህ፣ ድልድዩን በበረዶ ተሻግሬ፣
ሐኪሟ ደጅ ደረስኩ፤ ስሟን ስጠራ ተሰበረ ድምፄ።

ኢንግቪልድ ትባላለች። አባቷን አውቀዋለሁ፤ መረብ ይጠግን ነበር።
«ምን በላ?» አለች። ነገርኳት። እጇ ሆድህ ላይ ቆመ እንደ በር።
«ወይንም ሆነ ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ይጎዳል፤
አንዱ ምንም አይሆን፣ ሌላውን ጥቂቱ ይጥለዋል፤ ማን ቀድሞ ያውቃል?
ቸኮላትም እንዲሁ፣ ሽንኩርትም፣ ‹ስኳር የለውም› የሚባል ማስቲካም፤
የተቀቀለ አጥንትም፣ ሲሰነጠቅ አንጀት ይወጋል፤ ለውሻ አይበጅም።»
ከዚያ ቀና ብላ፦ «ራንዲ አልነገረችህም እንዴ? ቡችላ ሳለ
እዚህ ቆማ በእጇ ጽፋለች፤ ወረቀቱ ቤታችሁ አለ።»

አልነገረችኝም።
ነግራኛለች። በሳህኑ ጠርዝ ላይ፣ ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።
እኔ ነኝ ያላነበብኩት፣ ዓይን እያለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ዕድሜ።

ሦስት ቀን ክንድህ ላይ መርፌ፣ ከላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ።
በአራተኛው ስልኬ ጮኸ፤ ኢንግቪልድ ናት፣ የሳቅ ዋሻ፤
«ሸና! አጥሩን ሙሉ አረጠበው!» አለችኝ።
በሰባ አንድ ዓመቴ ለውሻ ሽንት አለቀስኩ፤ እንኳን ማንም አላየኝ።

ወረቀቱ የሄሉ ጣሳ ሥር ተጣጥፎ ኖሯል፤
ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፦
«ለስኑሬ፦ ካሮት። የደረቀ የዓሣ ቆዳ፣ ጨው ሳይነካው።
ፖም፣ ፍሬው ወጥቶ። ልሙጥ ዳቦ፣ ቁራሽ ነው ልኩ።
ጥቂት ብቻ፤ ይወፍራል።
(ሃልቫርድም ይወፍራል።)»

አሁን የዓሣውን ቆዳ ምድጃው ላይ እኔ አደርቃለሁ፤
መደብር ገብቼ የፓኮውን ጀርባ በማጉያ መነጽር አነባለሁ፤
ሻጩ ልጅ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።
ዘቢብ የነካው ሊጥ፣ ተለቅሞም ቢሆን፣ ካንተ ይራቅ
ብላኛለች ኢንግቪልድ፤ ስለዚህ ላንተ ቆዳው፣ ኳ ኳ የሚለው፤
ቅዳሜ የምጋግረው፣ ከሥሩ የሚያርብኝ ዳቦ የኔ ነው።

ዘቢቡን በወፍራም ጥፍሬ ለቅሜ በጠርዙ እደረድራለሁ።
ቆሻሻ ውስጥ አልጥለውም፤ አፍንጫህን አውቃለሁ።
ስለዚህ እጎርሰዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዘቢብ አልወድም፤
ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውጠው።

ዓይኔን ጨፍኜ።

ለካ እሷም አትወድም።