ለኦብሴ፣ ዘግይቶ የተጻፈ

የነሐሴ ሌሊት፤ መብራቱ ጠፍቷል፤
የአዌቱም ሙላት ድልድዩን ነክቷል።
ጄኔሬተሩ እንደ ሳል የያዘው ሰው
አንዴ ጮኸና ዝም፣ ናፍጣ ቢያንሰው።
እኔ የዕቃ ጠጋኝ፣ ፒንሳ በኪሴ፣
አንቺ ተለማማጅ ሐኪም፣ ኦብሴ፣
የሦስት ቀን ሕፃን በመካከላችን፣
ትንፋሽ የሚሰጠው ፊኛ በእጃችን።
ሲደክምሽ ስቀበል፣ ሲደክመኝ ስትቀበይ፣
ቁጥር እንዳንስት ቀና ብለን ሳናይ፤
ነጂማ እናቱ፣ ከሰካ የመጣች፣
ግድግዳ ተደግፋ ጫማዋን አወጣች፤
ከንፈሯ በዱዓ ይንቀሳቀሳል፣
የቆርቆሮው ዝናብ ድምጿን ይደመስሳል።

ሊነጋ ሲል ሞተ።

አንቺ ግን ጨመቅሽ፣ አሥር ጊዜ፣ ሠላሳ፣
ቁጥር ብትጨምሪ ይመስል የሚነሣ።
ከዚያ ጓንትሽን ጥለሽ፦ «ጌታህ የት ነበረ?
ነው ወይስ እሱም ዘንድ ናፍጣ ቸገረ?»

ዝም አልኩ።
ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ለእግዜር ጥብቅና የሚቆም ሰው፣
ጥቅሱ ልክ ቢሆንም አፉ ነው ያሳነሰው።
የኢዮብ ወዳጆችም ደግ የነበሩት
ሰባቱን ቀን ነው፣ አፍ ሳይከፍቱበት።

ዛሬ ግን ወር ሞላው። እስቲ ልመልስልሽ፣
ከሥሩ ጀምሬ፣ ከመጀመሪያው ሳቅሽ።
ወርክሾፔ መጥተሽ፣ ማይክሮስኮፕ ይዘሽ፣
«በዚህ ታየህ ወይ?» አልሽኝ፣ ጣሪያውን ጠቁመሽ።
አየሁ በሌንሱ የወባ ቀለበት፣
የሳንባ ነቀርሳ ቀይ ዘንግ በሰማያዊ መሬት፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠርግ ስፈታው ኖሬበት፣
የሚያየውን ዓይን ግን ከቶ አላየሁበት።

«ሂርማታ ብትወለድ መስጊድ ነበር ደጅህ፤
እምነት የሰፈር ነው፣ ውርስ ነው ከአባትህ።»
እውነትሽን ነው፤ አባቴ ቆጪ ከበሮ መቺ ነበር።
ያንቺስ ጥርጣሬ ሰፈር የለውም? ዶርም፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ከላይኛው አልጋ ልጅ የተዋስሽው ፍላሽ ላይ ነበር።
ውሸት ነው አላልኩም፤ መነሻው አይፈርድበትም፤
የኔንም እንዲሁ፣ ሰፈሩ ብቻ አይረታውም።

ቁጣሽ ነው ያልለቀቀኝ።
«መሞት አልነበረበትም!» ብለሽ ነው የጮኽሽው።
በየትኛው ሬጀንት፣ በምን ሚዛን ለካሽው
ያንን «አልነበረበትም»?
«መንጋ ራሱን ሲጠብቅ የወረስነው ጠባይ ነው» ትዪኝ ይሆናል።
ይሁን።
ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንባሽ
ለመንጋ አልነበረም፤
ለአንድ ነበር፣ ስም ላልወጣለት፣ ውለታ ለማይመልስልሽ።

ለምን እንደሞተ አላውቅም። አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ።
«እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ»
ያለችውን ሴት ሳነብ ግን አንቺን አያለሁ።
አልገሠጻትም። ማብራሪያም አልሰጣት።
መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀና
አለቀሰላት።
ኋላም በእንጨቱ ላይ፣ ቀኑ በጨለመ ጊዜ፣
«ለምን ተውኸኝ?» ያለው እሱ ራሱ ነው፤
ከእኔ ቀምተሽ የጠየቅሽኝ ጥያቄ
ከገዛ አፉ የወጣ ነው።
ያን ሌሊት እኔ ዝም ብዬ፣ አንቺ ስትጮኺ፣
ከሁለታችን ለመስቀሉ ማን እንደቀረበ
እንጃ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ምናልባት አታስታውሺውም፦
ነጂማ ልትነሣ ስትል እግሯ ጫማዋን አላገኘውም።
ተንበረከክሽ፤ በጨለማው ዳብሰሽ
አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አጠለቅሽላት፣ ጭቃውን በእጅሽ ጠርገሽ።
«የት ነበረ?» አልሽኝ፤ ያየሁት ይህንን ነው፤
ማስረጃ አልለውም፤ ዓይኔን ግን አልክደው።

ጄኔሬተሩን ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ናፍጣም ሞልቷል።
ነይ፣ ማይክሮስኮፕሽ ደርሷል።