ግራጫው ፊልም

ሐሙስ ነው፣ ፍኖተ ሰላም። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደልቃል፤
መብራት መጥቶ እስኪረጋ ኮሪደር ሙሉ ሰው ይጠብቃል።
ባንቻምላክ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ አንድ ትከሻዋ ዝቅ ያለ፤
አባቷ ቡሬ ወፍጮ ቤት ከጆንያ ጋር የዋለ፣
ጫማው እስከ ማሰሪያው ዱቄት።
«ስንተኛ ጊዜያችሁ ነው?» አልኩት።
«አራተኛ» አለ፤ በጣቶቹም አሳየኝ።
ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ጨረሩ አይጎዳትም?» አለኝ።

«አይጎዳም» ብለው ውሸት፤ «ይጎዳል» ብለው ግማሽ እውነት።
ጉልበት ያነሰው ጨረር ነው በሰው ገላ የሚቀረው፣
ፊልሙ ጋ ሳይደርስ ደክሞት ሥጋ ላይ የሚሰፍረው።
ብርቱው ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጥቂቱ ይበቃል ለሥራ፤
ኪሎቮልቱን ሽቅብ ስሰድ፣ ሚሊአምፔሩን ቁልቁል በተራ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። ድሮ ተማሪ ነበር፣ ዋሸራ፦
«እንደ ሰነፍ የቅኔ ተማሪ በይኛ! ሰሙ ላይ የሚቀር፣
ወርቁ ጋ ሳይዘልቅ ደጃፍ ሲያጨማልቅ የሚያድር!»
ሳቅኩ። እንዲህ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም።

«ደረትሽን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባሽን ለኔ፤
ደረትሽ ገና እያደገ ነው። እስትንፋስሽን ያዢ ለቅጽበት።»
ሰማንያ አምስት። ጠቅ። አለቀ።

ፊልሙ ግራጫ ወጣ። ዶክተር ልንገርህ መስኮቱ ላይ ዘርግቶ፦
«ይህማ ጭጋግ ነው» አለ፣ «ከጮቄ የወረደ ጠዋት።
አጥንቱ እንደ ወተት ይንጣ፣ ዙሪያው እንደ ከሰል ይጥቆር፤
ቮልቱን ዝቅ አድርጊና ድገሚው።» ለዓይን የሚጥም ነገር!

ያ ውበት ግን ዋጋ አለው፤ ከፋዩ ፊልሙ አይደለም፣
ከገንዘብ ቤት ደረሰኝ ላይም ተጽፎ አይገኝም።
አንዱ ትንሽ ነው፣ እውነት፤
በየስድስት ወሩ ግን፣ እድገቷ እስኪቆም...
ጤፍም ትንሽ ነው። ጆንያ ይሞላል።

አልተከራከርኩም። እርሳስና ማስመሪያ አነሳሁ፤
ካዘመመው አጥንት ላይ አንድ፣ ከታችኛው አንድ መስመር፦
«ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ባለፈው ሠላሳ። አይታይም?»
መነጽሩን ጠረገ። ቆየ።
«ይታያል» አለ። «ይሁን።»

እኔን የሚከልለኝ እርሳስ የለበሰ ግድግዳ ነው፤
እሷን ዛሬ የከለላት ይቺ የተቀረጠፈች እርሳስ።

አባቷ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ፦ «እንዴ፣ አልጠራማ!»
«አዎ» አልኩት፣ «ለሷ ተብሎ ነው።»
ገባውም አልገባውም፣ ዝናብ እንዳይነካው ብሎ
በባዶ የዱቄት ጆንያ ጠቀለለው።
ልጅቱ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፤ ልነግራት ስል ወጡ።