ከእሳት በፊት

ጥር ነው። ጉዌልፍ ላይ ወንዙ ረግቶ ቆሟል፤
የእኛ ምድር ቤት ግን በመብራት በጋ ሆኗል።
ሃያ ሰባት ዲግሪ፣ ሰው የሠራው ፀሐይ፣
ጣት የሚያህሉ የትምባሆ ትሎች በየሣጥኑ ላይ።

ማርጎ ፍሪዘን አለች፣ ጓንቷን እየሳበች፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ትል ስትቀልብ የኖረች።
ትቆጥራቸዋለች፣ ስም ግን አታወጣም፤
«ነገ ለሚቀደድ ስም ማውጣት አይረባም።»

«ልጅነት» ትላለች፣ «ምን መሰለህ? ቅባት፤
በደም ውስጥ የሚዞር አንድ ስስ ጠብታ ናት።
እሷ እስካለች ድረስ፣ አራት ጊዜ ቆዳ ቢቀይሩ፣
ያው ትል ናቸው፤ ቢወፍሩም፣ ቢያምሩ።
ከዚያ ቅባቷ ትነጥፋለች፣ እንደ ላም ጡት፤
ይነሣል ሌላው ሆርሞን፣ ቆዳ አስወላቂው መልእክት።
እሱ ሲመጣ፣ በሆድ እግሮቹ ላይ የሚያዙ ነርቮች
ይሞታሉ። ማንም አልነካቸው፤ ራሳቸው ናቸው ገዳዮች።
መሬት የሚጨብጥ እግር ለማይኖረው
አዛዥ ምን ይሠራል? ደመወዝስ ማን ሊከፍለው?
ሲመጣ ይገድላል። ገባህ?»
                    «ገባኝ።»
«አልገባህም። ነገ አመሻሽ ላይ ና።»

በማግስቱ ቡናማው ቅርፊት ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ፤
እርጥብ ነገር ገፋ፣ አረፈ፣ ደግሞ ገፋ፣ ተላቀቀ።
የገፋው ጡንቻ ነው፤ ከቀለበት ቀለበት
ሆዱን የሚያስር ገመድ፣ ከትልነት የተረፈ ጉልበት።
ክንፉ ገና እንደ ታጠበ ሻሽ ተጨማዷል፤
ጡንቻው ግን ሥራውን ጨርሶ ራሱን መብላት ጀምሯል።
በሠላሳ ሰዓት ውስጥ ክር እንኳ አይተርፍም።
ማን አዘዘው?
ማንም።
ያው ሆርሞን ነው፤ አሁን ግን ከደሙ ስለ ጎደለ፣
እንደ ወትሮው ሳይመጣ ስለ ዋለ።
ሲመጣ የገደለ፣
ሲቀርም ገደለ።

«በእኔ ቋንቋ ስሙ የእሳት እራት ነው» አልኳት።
ከት ብላ ሳቀች፤ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።
«ምስኪን እሳት! ትራፊ ነዋ የደረሰው።»

ዳርሻን ግን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሞት ያናድደዋል።
«ሆርሞኑን ብንመልስለትስ?» ብሎ መርፌ ሞልቷል።
አንዳንዱን ዘግይቶ ወጋ፤ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤
ጡንቻ ከወሰነ ወዲያ በጉቦ አይደራደር።
አርባ አንደኛውን ግን ቀድሞ፣ በሰዓቱ ወጋው፤
መልእክተኛው እንዳይወጣ ከደሙ በር ዘጋው።

ጡንቻው ዳነ። ቅርፊቱን በብሩሽ ስንነካው
ሆዱን ያወዛውዛል፤ ብርቱ ነው፣ ምንም አልጎዳው።
እኩዮቹ በረሩ፣ ተጋቡ፣ እንቁላል ጣሉ፤
እሱ ከነጉልበቱ ነው፣ ከነሙሉ አካሉ፣
ጨለማው ውስጥ። «ውጣ» የሚለውም ለካ
ያው የሆርሞኑ መሄድ ነው።
ዳርሻን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ምንም አላለም።

ማርጎ መዝገቡ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፦
አልሞተም።
አልወጣም።
እኔ በልቤ አንድ ቃል በቃኝ፦ ቀረ።

ዓርብ ኬክ ተቆረሰ፤ ጡረታ ወጣች።
ቁልፉን ስትሰጠኝ የእርሾውን መጠን ደገመችልኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በቃሏ የያዘችውን፣
ደግሞ «ቅዳሜም ይበላሉ፣ እንዳትረሳ» አለች።

ሰኞ ማርጎ ቀረች።
ጓንቷ መስቀያው ላይ ነበር፤ አጠለቅሁት፣ ጠበበኝ።
መብራቱ በሰዓቱ በራ።
ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከጥግ፣ ቅርፊት ተሰንጥቆ አገኘሁ፤
ቁጥሩን ለማየት አጎነበስኩ።
አርባ አንድ።
ክንፉ ገና እርጥብ ነበር።