ይማርዎ

ቡሬ፣ ከገበያው ማዶ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ሁለት ወንድማማች ሲካሰሱ በድንበር፣
ኋላ ቃል እንዳይታጠፍ፣ እማኝ ይሁን ታስቦ፣
እኔን ጠሩኝ ከሱቄ፣ ከባትሪና ከሽቦ።
አንድ መቅረጫ ይብቃ ቢባሉ አልተማመኑ፤
አንዱ ከሽባባው ፊት፣ አንዱ ከአንሙት ፊት፣ ሁለት ሆኑ።

ማታ ሱቄን ዘጋሁና፣ ሁለቱን ድምፅ ገልብጬ፣
እንደ በርበሬ ጎን ለጎን አሰጣኋቸው ተቀምጬ።
በአንዱ ሽባባው ቅርብ ነው፣ ትንፋሹ ጆሮ ይሞላል፤
አንሙት ከወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ከሩቅ ይሰማል።
በሌላው አንሙት ነው ጎላ፤ ወንድሙ ትንኝ ያህላል።
አንዱን በአንዱ ሳነባብር አንድ ቃል ሁለቴ ይመጣል፤
ገደል እንደመለሰው ድምፅ ራሱን ተከትሎ ይሮጣል።

ሰዓታቸው አልተስማማም። አንዱን ቀድሜ ነካሁት፣
ሌላውን የአያ ልየው ምርቃት ሲጋመስ ከፈትሁት።
ለምልክት ማጨብጨብ ነበረብኝ፣ አንዴ፤
በሽማግሌ ፊት ግን ማን ያጨበጭባል? እንዴ!

ውሻ አለ፣ ጩኸቱ ዝንጥል፤ ጫፉ አይጨበጥም።
ባጃጅ አለ፣ መምጫውና መሄጃው አይታወቅም።
ከጎረቤት ግቢ ግን በርበሬ ይወቀጥ ነበረ፤
ብናኙ በአጥር ሾልኮ ሸንጎውን ደፈረ፤
አያ ልየው ፍርድ ሊሰጡ ጣታቸውን አንሥተው፣
ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ፣ ድንገት አጎንብሰው፣

እጢሽ!

እንደ ሚስማር የሾለ፣ በሁለቱም መሥመር የቆመ፤
አንዱን ጎትቼ ወደ አንዱ አስጠጋሁት፤ ገጠመ።

ያኔ ነው የሰማሁት፣
ቀን ከዋንዛው ሥር ሆኜ በጆሮዬ ያልያዝሁት፤
ሦስት ዓመት ያልተነጋገረ ወንድም ከወንድሙ ጋር፣
«ይማርዎ» አለ እኩል፣ አንዱ ሳይቀድም በስንዝር፤
አንድ እናት ያስተማረችው አፍ፣ በአንድ ምላስ፣ በአንድ ዜማ፤
የየራሱ ድምፅ ሸፍኖት ማንም ማንንም አልሰማ።

ቀጠልሁ። ሰዓት ሲያልፍ ተንሸራተቱ እንደገና፤
የአንሙት መቅረጫ ቀስ ይላልና።
«ድንጋዩ ከነበረበት ይመለስ» ሲሉ በፍርድ፣
ለአንዱ ጆሮ ሲደርስ ቃሉ፣ ለሌላው ገና ነው በመንገድ።
ጥቂት በጥቂት ሳብሁት፣ እንደ እርጥብ ጠፍር፤
ሌሊቱ ነጋ፣ ቃል ከቃል እስኪጋጠም ዳር ለዳር።

በገበያ ቀን መጡ፣ ለየብቻ። እያንዳንዱ የራሱን ጠየቀ።
«የእኔን ብቻ ስጠኝ።» የለም አልሁ፤ የብቻ የለም፣ አለቀ።
በግራው ጆሮ ሽባባው አለ፣ በቀኙ ጆሮ አንሙት፤
ሙሉውን ነገር የሻ ሰው ሁለቱንም ይሰካበት።

ሽባባው ማዳመጫውን ተቀበለ። አንዱን ብቻ ሰካ፤
ሌላው ደረቱ ላይ ቀረ፣ ሲወዛወዝ፣ ጋቢውን ሲነካ።
ማስነጠሱ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

የትኛውን ጆሮ እንደሰካ ግን አልጠየቅሁ።